በአሮጌ ቤልጅግ ላይ የተገጠመ አዲስ መነጽር፦ የአንድ የማስተካከል ሥራ የጉዳይ ጥናት

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነው ጠመንጃ፣ ቤልጅየም ውስጥ ከሊዬዥ ከተማ አጠገብ ባለችው ኤርስታል በኤፍ ኤን ፋብሪካ ተሠርቶ በንጉሡ ዘመን ለአደን ወደ አገር የገባ፣ የማውዘር 98 ማቀባበያ ያለውና 30-06 የሚባለውን ጥይት የሚተኩስ ቤልጅግ ነው። ባለቤቱ ቀድሞ የውጭ አገር አዳኞችን እየመሩ አርሲንና ባሌን ያካለሉ፣ አሁን በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ጠመንጃው በስማቸው የተመዘገበ በመሆኑ ራሳቸው ይዘውት የመጡ ሲሆን፣ በጠመንጃው ላይ የተገጠመውን የማነጣጠሪያ መነጽር የገዛላቸው የወንድማቸው ልጅ አብሯቸው ነበር። ችግሩን የዘረዘረልን እርሱ ነው። አዲሱ መነጽር ከተገጠመ ወዲህ ጠመንጃው በ100 ሜትር ርቀት ላይ ወደ ግራ ይመታል፤ የጎን ማስተካከያው ወደ ቀኝ እስከ ጥጉ ቢዞርም ጥይቱ አሁንም ከዒላማው መሐል ትንሽ ወደ ግራ ያርፋል፤ ይባስ ብሎ ከአንዱ ተኩስ ወደ ሌላው ቦታውን ይቀያይራል። መነጽሩን የገጠመላቸው ሰው «ዕቃው ራሱ የተበላሸ ነው፣ ሌላ ግዙ» ስላላቸው ሌላ ለመግዛት ዋጋ በማጠያየቅ ላይ ነበሩ።

የእኔ ሙያ የቅየሳ መሣሪያዎችን፣ በተለይም ቴዎዶላይትና ሌቭልን መጠገን ሲሆን፣ የጠመንጃውን ብረት የሚነካው ደግሞ የጦር መሣሪያ ጥገና ፈቃድ ያለው ባልደረባዬ ነው። በሁለቱም ሙያ የሚደጋገም አንድ ነገር አለ፤ ጉድለቱ የሚታየው በመስታወቱ በኩል ስለሆነ ሰው ሁሉ መስታወቱን ይከሳል። የእኛ አሠራር በተቃራኒው ከታች ይጀምራል፤ በመጀመሪያ እንጨቱ፣ ቀጥሎ በጠመንጃው አካል ላይ የሚታሰረው መቀመጫ፣ ከዚያ መነጽሩን የሚያቅፈው ቀለበት፣ በመጨረሻ መነጽሩ ይመረመራል። በዚህ ጉዳይ ላይ ይህ ቅደም ተከተል ባይጠበቅ ኖሮ ሁለተኛው መነጽርም ተገዝቶ፣ እንደ መጀመሪያው ተገጥሞ፣ እንደ መጀመሪያው ወደ ግራ በመታ ነበር።

ስለ ሰነዱ ብዙ መናገር አያስፈልግም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ በኋላ ያለ ወረቀት የመጣን ጠመንጃ መንካት የሚታሰብ አይደለም፤ የጠመንጃው ፈቃድም ሆነ መነጽሩ በሕጋዊ መንገድ የገባበት ሰነድ ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው ካቻቪቴ ያነሣነው።

ሥራው የተከናወነው ፒያሳ፣ ከአራዳ ጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ካሉት አሮጌ ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ ነው። ሕንፃው ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ የሚጠቅም 20 ሜትር ገደማ የሚረዝም መተላለፊያ አለው፤ መጨረሻውም ወፍራም የድንጋይ ግንብ ነው። በመሐል ከተማ ጠመንጃን በመስኮት አሻግሮ የሩቅ ሕንፃ ጫፍ ላይ እያነጣጠሩ መነጽር ማስተካከል፣ ማቀባበያው ወጥቶም ቢሆን፣ ከመንገድ የሚያየውን ሰው የሚያስደነግጥና ፖሊስ የሚያስጠራ ድርጊት ስለሆነ፣ ግንቡ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይበቃናል።

ከእንጨቱ እስከ መስታወቱ

ባልደረባዬ መጀመሪያ ካዝናውን ከፍቶ ባዶ መሆኑን አየ፤ ከዚያም በግራ በኩል ያለውን መያዣ ወደ ውጭ ስቦ ማቀባበያውን ሙሉ በሙሉ አወጣውና መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። ማውዘር ለዚህ ሥራ የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ማቀባበያው ሲወጣ ከኋላ ሆኖ በአፈሙዙ ቀዳዳ ውስጥ አሻግሮ ማየት ይቻላል። የአፈሙዙ ውስጥ ከዕድሜው አንፃር ንጹሕ ነበር፤ ጥይቱ የሚወጣበት ጠርዝም አልተመታም፣ አልተሸራረፈም።

እንጨቱ ላይ ግን ነገር ነበር። አፈሙዙ ከእንጨቱ ጋር የሚነካካበትን ቦታ ለማወቅ አንድ የ10 ብር ኖት ከጫፍ በኩል በሁለቱ መካከል ገብቶ ወደ ኋላ ተሳበ። በቀኝ በኩል ያለ ችግር ተንሸራተተ፤ በግራ በኩል ግን ከእንጨቱ ጫፍ አራት ጣት ያህል እንደ ገባ ተያዘ። እንጨቱ በዚያ ቦታ አፈሙዙን ከግራ ወደ ቀኝ ይገፋል ማለት ነው። የጠመንጃ እንጨት፣ በተለይ ዘይቱ ከደረቀ በኋላ፣ በክረምት እርጥበት ስቦ ያብጣል፤ በበጋ ይሟሽሻል፤ ጠመንጃውም በሐምሌና በጥር አንድ ቦታ አይመታም። አፈሙዙ ሲግልም ግፊቱ ስለሚለዋወጥ ሦስተኛው ጥይት ከመጀመሪያው ይርቃል። «ቦታውን ይቀያይራል» ለሚለው አቤቱታ ይህ አንዱ መልስ ነበር፤ ዋናው ግን አልነበረም።

ዋናው ቀለበቶቹ ሲፈቱ ታየ። በሁለቱም ቀለበቶች ውስጥ ጥቁር የኤሌክትሪክ ናስትሮ ተጠቅልሎ ነበር። የናስትሮው ሙጫ ሞቆ ወደ ጎን ወጥቷል፤ በመነጽሩ ቱቦ ላይ ደግሞ ቀለበቱ መጀመሪያ የነበረበትና አሁን ያለበት ቦታ ሁለት የተለያዩ ጠርዞች ሆነው በግልጽ ይታያሉ። በእያንዳንዱ ተኩስ ጠመንጃው ወደ ኋላ ሲራገጥ መነጽሩ ባለበት መቅረት ስለሚፈልግ በናስትሮው ላይ ወደ ፊት ሲንሸራተት ኖሯል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቀለበቶቹ የተሠሩት ለ26 ሚሊ ሜትር ቱቦ ነው፤ ይህም የድሮ የጀርመንና የኦስትሪያ መነጽሮች የተለመደ ልክ ነው። አዲሱ መነጽር ግን 25.4 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም የአንድ ኢንች ቱቦ ያለው ነው። የ0.6 ሚሊ ሜትሩን ክፍተት ገጣሚው በናስትሮ ሞላው። በዓይን ሲያዩት ሁለቱ ቱቦዎች አንድ ናቸው፤ ካሊፐር ያልያዘ ሰው ልዩነቱን ሊያውቅ አይችልም፤ ነገር ግን ካሊፐር ሳይዙ መነጽር መግጠምስ ምን ይሉታል?

በመነጽሩ የዓይን በኩል ጠርዝ ላይም ጥቁሩ ቀለም ተፍቆ ነጩ ብረት የሚታይበት፣ የጥፍር ስፋት ያህል የሆነ ጭረት ነበር። ባልደረባዬ ማቀባበያውን ለአፍታ መልሶ እጀታውን ቀስ ብሎ ሲያነሣ፣ የእጀታው ጉብታ በትክክል እዚያው ጭረት ላይ አረፈ። የድሮው መነጽር የዓይን በኩሉ ቀጭን ስለነበር በዝቅተኛ ቀለበት ይበቃው ነበር፤ አዲሱ ሰፊ በመሆኑ ጠመንጃው በተቀባበለ ቁጥር መነጽሩ ከጎኑ ይመታል።

ወደ ግራ የመምታቱ ምስጢር

እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል፤ የጉዳዩ እምብርት ይህ ነውና። የኋላው መቀመጫ ቀለበቱን የሚይዘው ከግራና ከቀኝ ፊት ለፊት በሚገፋፉ ሁለት ትልልቅ ብሎኖች ነው። አንዱ ሲላላና ሌላው ሲጠብቅ የመነጽሩ የኋላ ጫፍ ወደ ጎን ይሄዳል፤ የፊተኛው ቀለበት ደግሞ በመቀመጫው ውስጥ ስለሚዞር መነጽሩ ሳይጎብጥ አብሮ ይዞራል። በጠመንጃው ላይ የግራው ብሎን እስከ መጨረሻው ወደ ውጭ ወጥቶ የቀኙ በጣም ገብቶ ነበር። ሁለት ዓይነት ጥያቄ አስነሣ፦ ይህ የስንፍና ሥራ ነው ወይስ ሆን ተብሎ የተደረገ?

መልሱን ያገኘነው ከባለቤቱ ነው። የድሮው መነጽር የት እንዳለ ስንጠይቃቸው ቤት ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ መቀመጡን ነገሩን፤ በማግስቱም አመጡት። አራት ጊዜ የሚያጎላ የጀርመን መነጽር ነው፤ በላዩ ላይ ያለው ማዞሪያ አንድ ብቻ ሲሆን እርሱም ከፍታን ብቻ ያስተካክላል። በዚያ ዘመን ከተሠሩ መነጽሮች ብዙዎቹ የጎን ማስተካከያ አልነበራቸውም፤ ጎኑ የሚስተካከለው በመቀመጫው ነበር። በውስጡ ያለው የማነጣጠሪያ መስቀልም ሁልጊዜ በትክክል መሐል ላይ አይቀመጥም። ስለዚህ ቀድሞ የገጠመው ባለሙያ የመነጽሩን የመስቀል ዝንፈት ለማካካስ የኋላውን ቀለበት ሆን ብሎ ወደ ግራ አምጥቶታል፤ ሥራውም ትክክል ነበር፤ ባለቤቱ በዚያ መነጽር ዓመታት አድነውበታል። አዲሱን የገጠመው ሰው ግን የድሮውን መነጽር አንሥቶ አዲሱን በዚያው ቦታ አስቀመጠ፤ በመቀመጫው ላይ ያሉት ሁለት ብሎኖች ለምን እንደሆኑ አልጠየቀም።

ዝንፈቱ ስንት እንደሆነ ለመለካት 26 ሚሊ ሜትር የሆነ በቶርኖ የተስተካከለ ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ በቀለበቶቹ ውስጥ ገባ። የኋላው ቀለበት መሐል ከጠመንጃው መሐል መስመር 0.7 ሚሊ ሜትር ወደ ግራ ነበር። በሁለቱ ቀለበቶች መካከል ያለው ርቀት 110 ሚሊ ሜትር ነው። የ0.7 ሚሊ ሜትር ዝንፈት በ110 ሚሊ ሜትር ላይ ሲካፈልና በ100 ሜትር ሲባዛ 64 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። የአዲሱ መነጽር የጎን ማስተካከያ ከመሐል ወደ አንዱ ጎን የሚሄደው 20 የማዕዘን ደቂቃ ነው፤ አንድ የማዕዘን ደቂቃ፣ ማለትም የዲግሪ አንድ ስድሳኛ፣ በ100 ሜትር 2.9 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ጠቅላላው 58 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ከ64 ላይ 58 ሲቀነስ 6 ሴንቲ ሜትር ይተርፋል። የወንድማቸው ልጅ «ትንሽ ወደ ግራ ይቀራል» ያለው ይህችው ነበረች። ወረቀቱ ላይ ስሌቱን ሲያይ ዝም ብሎ ቆየና «ታዲያ መነጽሩ ደኅና ነው ማለት ነው?» አለ።

ደኅና መሆኑን በስሌት ብቻ ማመን ተገቢ ስላልሆነ መነጽሩ ለብቻው ተፈተነ። የቪ ቅርጽ በተቆረጠላቸው ሁለት የእንጨት ማረፊያዎች ላይ ተጋድሞ፣ በመተላለፊያው ጫፍ ወደ ተለጠፈ ወረቀት እየተመለከተ በቱቦው ዘንግ ላይ ቀስ ተብሎ ዞረ። ማስተካከያዎቹ ከጥግ እስከ ጥግ ተቆጥረው በእኩሌታው ላይ ሲቀመጡ መስቀሉ እየተሽከረከረ በአንድ ነጥብ ላይ ቆመ፤ ወደ ክብ እንቅስቃሴ አልገባም። የሌቭልን መነጽር የምንፈትነው በዚሁ መንገድ ነው። ከዚያም መስቀሉ የተወሰነ ጠቅታ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ግራና ወደ ታች ተወስዶ ወደ ተነሣበት ነጥብ ተመለሰ። አንድ ጥይት ሳይተኮስ፣ ጥይት በሚወደድበት ከተማ፣ ስለ መነጽሩ ማወቅ የሚቻለውን አብዛኛውን አወቅን።

ይበሳ ወይስ አይበሳ

ጉዳዩ እዚህ ላይ ወደ ክርክር አመራ። ወጣቱ የድሮው መቀመጫ ተነቅሎ፣ ከፊት እስከ ኋላ የሚዘልቅ አንድ ወጥ ዘመናዊ ሐዲድ እንዲገጠምለት ፈለገ፤ ይህም ተጨማሪ ቀዳዳ መብሳትን ይጠይቃል። ሐሳቡ መሠረት የሌለው አይደለም፤ ወጥ ሐዲድ ጠንካራ ነው፣ መነጽሩንም እንደ ልብ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ለማንቀሳቀስ ይመቻል። እኔ ግን ተቃወምሁ፤ ባልደረባዬም ተቃወመ። የማውዘር አካል ላዩ በሙቀት የጠነከረ ብረት ነው፤ የክር ማውጫው ማስኪዮ ቀጭን ስለሆነ ውስጥ ከተሰበረ ማውጣቱ ከመብሳቱ የከበደ ሥራ ነው። ከሁሉም በላይ የፊተኛው ክፍል ጥይቱ ሲፈነዳ የማቀባበያውን ጥርሶች የሚሸከመው ቦታ ነው፤ እዚያ ላይ ያለ በቂ ምክንያት ቀዳዳ መጨመር አይገባም። ፋብሪካው ራሱ ያወጣቸው ቀዳዳዎች ክራቸው ሙሉ ነበር፤ መቀመጫውም እንደተጠራጠርነው ሳይሆን ከምንፈልገው በላይ የሚስተካከል ሆኖ ተገኘ።

ባለቤቱ ክርክሩን ሲያዳምጡ ቆይተው «ልጄ፣ ይህ ጠመንጃ እኮ ከአንተ ይበልጣል፤ በዕድሜም በሙያም። አይበሳም» ብለው ቆረጡት። በዕድሜ መብለጡ የቴክኒክ ክርክር አይደለም፤ ውሳኔው ግን ትክክል ነበር።

ስለዚህ የተገዛው ነገር ትንሽ ነው፦ ከመቀመጫው ጋር የሚገጥሙ፣ 25.4 ሚሊ ሜትር የሆኑና ከበፊቶቹ ከፍ ያሉ ሁለት ቀለበቶች። ከፍታው የማቀባበያው እጀታ የመነጽሩን ጠርዝ ሳይነካ እንዲያልፍ ያስችላል፤ በምላሹ ግን የተኳሹ ጉንጭ ከሰደፉ ላይ ይነሣል። የዚያ ዘመን ሰደፍ የተሠራው በብረቱ ማነጣጠሪያ ለሚያይ ሰው ስለሆነ ጫፉ ዝቅ ያለ ነው። ጉንጩ ያላረፈ ተኳሽ ጭንቅላቱን በየጊዜው በተለያየ ቦታ ያስቀምጣል፤ ይህም እንደገና «ቦታውን ይቀያይራል» የሚያሰኝ ውጤት ያመጣል። መፍትሔው ጫማ ሰፊ ዘንድ ተገኘ፤ በማሰሪያ የሚጠብቅ፣ ውስጡ ሁለት ድርብ ቆዳ ያለው የጉንጭ ማረፊያ ተሰፋለት፤ እንጨቱም አልተበሳም፣ አልተላገም።

አገጣጠሙ

የእንጨቱ ሥራ ቀደመ። ኖቱ የተያዘበት የግራ ግድግዳ በክብ ዱላ ላይ በተጠቀለለ የብርጭቆ ወረቀት ቀስ እየተባለ ተፋቀ፤ ኖቱ በሁለቱም በኩል እስኪያልፍ ድረስ ብቻ። የተፋቀው እንጨት ራቁቱን ከቀረ ከበፊቱ የባሰ እርጥበት ስለሚስብ በተፈላ የተልባ ዘይት ተቀባ፤ እስኪደርቅም ተጠበቀ። አካሉን ከእንጨቱ ጋር የሚያያይዙት ሁለት ብሎኖች የፊተኛው ቀድሞ፣ የኋለኛው ተከትሎ ጠበቁ። ይህ ሁሉ ከመነጽሩ በፊት መደረጉ ለሥርዓት ብቻ አይደለም፤ ከተስተካከለ በኋላ እንጨቱ ቢነካ ማስተካከሉ ከዜሮ ይጀምራልና።

የመቀመጫዎቹ ብሎኖች ተፈተው ቀዳዳዎቹ በአሴቶን ታጠቡ። ብዙ ሰው በነጭ ጋዝ ያጥባል፤ ነጭ ጋዝ ቆሻሻውን ያነሣል፣ ነገር ግን ስስ የዘይት ሽፋን ትቶ ይሄዳል፤ በዘይት ላይ ደግሞ የብሎን ማጣበቂያ አይያዝም። የመቀመጫዎቹ ብሎኖች በቀላሉ ሊፈታ በሚችለው ማጣበቂያ ጠብቀው፣ የቀለበቶቹ ግን ያለ ማጣበቂያ፣ የመጥበቂያ ልኩን በሚያሳይ ካቻቪቴ 2 ኒውተን ሜትር ገደማ ላይ ቆሙ። የቀለበት ብሎንን በጉልበት ማጥበቅ ቱቦውን ይጨፈልቃል፤ የተጨፈለቀ ቱቦ ውስጥ ያለው ማስተካከያ ደግሞ ይነክሳል።

የፊተኛውን ቀለበት በመቀመጫው ውስጥ ለማዞር መነጽሩን ራሱን እንደ እጀታ መጠቀም የተለመደ ነው፤ በመነጽር ላይ ከሚፈጸሙት በደሎች ግን የከፋው እርሱ ነው። እኛ ለአዲሶቹ ቀለበቶች በ25.4 ሚሊ ሜትር በተስተካከለ ሌላ የብረት ዘንግ አዞርነው። በዚሁ ዘንግ ላይ የኋላው ቀለበት በሁለቱ ብሎኖች እየተገፋፋ ከጠመንጃው መሐል መስመር ጋር ተገናኘ። የ0.7 ሚሊ ሜትሩ ዝንፈት የጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ የመነጽሩ ማዞሪያ ገና አልተነካም።

የመስቀሉን ቁም መስመር ለማቆም የግንበኛ ቱንቢ በመተላለፊያው ጫፍ ተሰቀለ፤ እንዳይወዛወዝም እንክብሉ ውሃ በተሞላ ጣሳ ውስጥ ተነከረ። ጠመንጃው ሞርሳ ላይ በቆዳ ተይዞ፣ በአካሉ ጠፍጣፋ ክፍል ላይ በተቀመጠ ትንሽ ውሃ ልክ ከተስተካከለ በኋላ፣ ቀለበቶቹ ላላ ብለው መነጽሩ ቁም መስመሩ በቱንቢው ክር ላይ እስኪተኛ ድረስ ዞረ። መስመሩ በ3 ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል፣ በከፍታ ማዞሪያው 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ የወጣ ሰው ሳያውቀው 1.6 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ይሄዳል። ለአደን ይህ ትንሽ ነው ይባላል፤ ቱንቢ ለመስቀል የሚፈጀው ጊዜ ግን ከዚያም ያነሰ ነው።

መነጽሩ ከዓይን ምን ያህል ይራቅ የሚለው በገበታ ላይ የሚወሰን አይደለም። ባለቤቱ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጠመንጃውን እንደ ልማዳቸው ትከሻቸው ላይ አኖሩ፤ ዓይናቸውን ሲገልጡ ዙሪያው ሙሉ ክብ ሆኖ እስኪታያቸው ድረስ መነጽሩ ወደ ፊት ተገፋ። 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ቆመ። በቀኝ ቅንድባቸው ላይ ያለችው ጠባሳ ከየት እንደመጣች ሳንጠይቃቸው «ከእንግሊዛዊ እንግዳ ተውሼ በተኮስሁት ጠመንጃ ነው» አሉን። ወጣቱ አንገቱ ረዘም ያለ ስለሆነ ለእርሱ ሌላ ቦታ ይሻለዋል፤ ፈቃዱ ወደ እርሱ እስኪዛወር ግን የሚተኩሱት እርሳቸው ናቸው።

በአፈሙዝ ቀዳዳ አሻግሮ ማየት

ቀለበቶቹ ከጠበቁ በኋላ በግንቡ ላይ ያለው ጥቁር ክብ በአፈሙዙ ቀዳዳ መሐል እንዲታይ ጠመንጃው በሞርሳው ላይ ተስተካከለ። ቀጥሎ ዓይን ወደ መነጽሩ ተዛውሮ መስቀሉ የት እንዳለ ታየ። እዚህ ላይ ብዙዎች መስቀሉን ልክ በክቡ መሐል ያስቀምጡታል፤ በ20 ሜትር ርቀት ግን ያ ትክክል አይደለም። መነጽሩ ከአፈሙዙ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ተቀምጧል፤ ጥይቱም እስከ 100 ሜትር ድረስ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል። ሁለቱ መስመሮች በ100 ሜትር እንዲገናኙ ከተፈለገ፣ በ20 ሜትር ላይ መስቀሉ ከክቡ መሐል 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ መታየት አለበት። በወረቀቱ ላይ ከጥቁሩ ክብ በላይ በዚያ ልክ ትንሽ ቀይ ነጥብ ተደርጎ መስቀሉ ወደ እርሷ እንዲመጣ ተደረገ።

በጎን በኩል ማስተካከያው ከመሐሉ ብዙም አልራቀም። በከፍታ በኩል ግን ከመሐል ግማሽ መንገድ ያህል መሄድ ግድ ሆነ፤ የኋላው መቀመጫ ትንሽ ዝቅ ያለ ነው ማለት ነው። ከሥሩ ስስ ላሜራ ቢገባ ይስተካከላል፤ በ110 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ 0.1 ሚሊ ሜትር ላሜራ በ100 ሜትር 9 ሴንቲ ሜትር ያነሣል፣ ስሱን ናስ ደግሞ ምናለሽ ተራ ያገኙታል። አላስገባነውም። ከመቀመጫው ሥር የሚገባ ነገር ሁሉ ብሎኑ በክሩ የሚይዘውን ርዝመት ይቀንሳል፤ የቀረው ማስተካከያ ደግሞ ለዚህ ጠመንጃ ሥራ ከበቂ በላይ ነበር። ፍጹም ባይሆንም የሚጸና ይሻላል።

ተኩሱ ከከተማ ውጭ በተፈቀደ የመተኮሻ ቦታ፣ በአሸዋ ከረጢት ድጋፍ ተከናወነ። በ25 ሜትር ሲጀመር ጥይቶቹ ከሚፈለገው ቦታ 4 ሴንቲ ሜትር ወደ ቀኝ አረፉ። ሩብ የማዕዘን ደቂቃ የሆነ ጠቅታ በ25 ሜትር 1.8 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚያንቀሳቅስ 22 ጠቅታ ወደ ግራ ተሰጠ። በ25 ሜትር ላይ የሚፈለገው ቦታ የዒላማው መሐል ሳይሆን ከእርሱ 1.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ያለው ነጥብ መሆኑን ወጣቱ መጀመሪያ አልተቀበለውም ነበር። ዒላማው ወደ 100 ሜትር ሲሸሽ ጥይቶቹ ከመሐሉ ጥቂት ዝቅ ብለው ተሰበሰቡ፤ አፈሙዙ እየቀዘቀዘ ከተተኮሱት ሦስቱ በ5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ነበሩ። ለዚህ ዕድሜ ለደረሰ የአደን ጠመንጃ ከዚህ የበለጠ መጠየቅ አይገባም። ከሁሉ ይበልጥ ግን ትኩረታችን በቱቦው ላይ በቀለበቱ ጠርዝ በተሰመረው የእርሳስ ምልክት ላይ ነበር፤ ምልክቱ ካለበት አልተንቀሳቀሰም።

የመጨረሻው ልዩነት በርቀቱ ላይ መጣ። ወጣቱ ጥይቱ በ100 ሜትር 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ እንዲመታና ወደ 180 ሜትር አካባቢ ከመሐል ጋር እንዲገናኝ ፈለገ፤ በባሌ ሸለቆ ማዶ ለማዶ የሚተኮስ ከሆነ የሚያስኬድ ነው። ባለቤቱ ግን ፈቃድ አውጥተው የሚሄዱት ለከርከሮ ነው፤ ከርከሮ ደግሞ በቁጥቋጦ መካከል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ሜትር ባነሰ ርቀት ነው የሚገኘው። በ100 ሜትር መሐል ላይ ተወሰነ። ከአዲስ አበባ 2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ወደ አዋሽ ቆላ ሲወረድ አየሩ ስለሚወፍር ጥይቱ በ300 ሜትር ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይበልጥ እንደሚወርድ ተነገራቸው፤ በ100 ሜትር ግን ልዩነቱ በዓይን አይታይም።

ጠመንጃው ሲመለስ በእያንዳንዱ ብሎን ራስና በቀለበቱ ላይ የሚያልፍ ቀጭን የጥፍር ቀለም መስመር ተሰምሮበታል፤ ብሎኑ ቢላላ መስመሩ ይሰበራል፣ ለማየትም ሙያ አይጠይቅም። የማስተካከያዎቹ ቦታ፣ የጥይቱ ዓይነትና የ11.7 ግራም ክብደቱ በወረቀት ተጽፎ ከፈቃዱ ጋር ተቀመጠ፤ ሌላ ክብደት ያለው ጥይት ከተገዛ በ100 ሜትር እንደገና መፈተን አለበት። ክረምቱ ሲወጣ የ10 ብሩ ኖት እንደገና በአፈሙዙ ሥር ማለፍ አለማለፉ ይታያል፤ ካላለፈ ሥራው የእንጨት እንጂ የመነጽር አይሆንም።